ለራስ ምታት የአንጎል ሞገድ ምርመራ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 31 ነው፣ ሴት ነኝ። ለዓመታት በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ግማሽ ጭንቅላቴን ይዞ ይፈልጠኛል። ትር ትር ይላል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ብርሃን አልወድም። ደረጃ ስወጣ ይብስብኛል። ጨለማ ክፍል ገብቼ ካልተኛሁ አይለቀኝም፤ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ይቆያል። የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ብዙ ጠየቀኝ፣ ዓይኔን በመብራት አየ፣ ጉልበቴን በመዶሻ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ማይግሬን ነው ብሎ ቶፒራሜት የሚባል መድኃኒት ጻፈልኝ። ምንም ምርመራ አላዘዘም። ስላልረካሁ በራሴ ገንዘብ ሌላ ቦታ ኢ.ኢ.ጂ (የአንጎል ሞገድ ምርመራ) ተሠራሁ። ውጤቱ ‹በግራ በኩል በጆሮ ግንድ አካባቢ አልፎ አልፎ የሚታይ መጠነኛ የሞገድ መዘግየት፤ የተለየ በሽታ አያመለክትም፤ ከሕመሙ ምልክቶች ጋር ተገናዝቦ ይታይ› ይላል። የመድኃኒቱ ወረቀት ደግሞ ‹ለሚጥል በሽታ› ይላል። የሚጥል በሽታ አለብኝ ማለት ነው? ኮምፒውተር ከአንጎል ሞገድ ማይግሬንን ከ90 በመቶ በላይ ይለያል የሚልም አንብቤአለሁ። የእኔ ሐኪም ለምን አልተጠቀመበትም?»

መልስ፦ ከጭንቀትዎ ልጀምር። በጻፉልኝ ውስጥ የሚጥል በሽታን የሚያስጠረጥር አንድም ነገር አላየሁም። እኔ በአካል አልመረመርኩዎትም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቃል ያየዎት ሐኪም ነው። ግን እርስዎ የነገሩኝን ታሪክ አንድ በሽተኛ ፊቴ ተቀምጦ ቢነግረኝ እኔም ኢ.ኢ.ጂ አላዝም ነበር። «ምንም ምርመራ አላዘዘም» ያሉት ሐኪም ዋናውን ምርመራ ሠርቷል። ለምን እንደዚያ እንደምል ረዘም አድርጌ ላስረዳ፤ ጥያቄዎ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው።

ራስ ምታት በምን እንደሚለይ እንይ። የዓለም ሐኪሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የራስ ምታት ምደባ አለ። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን ሦስተኛው እትም በ2018 ታትሟል። ማይግሬን ለመባል ቢያንስ 5 ጊዜ የተነሳ ሕመም ያስፈልጋል። አንዱ ሕመም ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ከአራት ጠባዮች ሁለቱ ይገኙበታል፤ በአንድ ጎን መሆን፣ ትር ትር ማለት፣ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆን፣ እንደ መራመድና ደረጃ መውጣት ባለ ተራ እንቅስቃሴ መባስ። በተጨማሪ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ ይኖራል፤ ያ ከሌለ ብርሃንም ድምፅም አብረው መረበሽ አለባቸው። በመጨረሻም ሌላ በሽታ የተሻለ ማብራሪያ የማይሆን መሆን አለበት። አሁን የራስዎን ደብዳቤ መልሰው ያንብቡት። ሳያውቁት ዝርዝሩን ሞልተውታል። በዚህ መስፈርት ውስጥ ስለ አንጎል ሞገድ አንድ መስመር የለም። ረስተውት አይደለም። ብዙ ተሞክሮ ቦታ ስላላገኘ ነው።

ኢ.ኢ.ጂ ምን እንደሚለካ ማወቅ እዚህ ላይ ይረዳል። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰው ጭንቅላት ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ መዘገበ፤ ውጤቱን ያሳተመው በ1929 ነው። መሣሪያው ከዚያ ወዲህ በጣም ቢሻሻልም ሐሳቡ ያው ነው። የራስ ቅል ቆዳ ላይ ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ 20 ገደማ። ከሥራቸው ያሉት የአንጎል ሴሎች አንድ ላይ ሲሠሩ የሚፈጥሩት ቮልቴጅ ይነበባል። ይህ ቮልቴጅ እጅግ ትንሽ ነው፤ በብዛት ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት፣ ማለትም ከአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ የሚቆጠር። ነቅቶ ዓይኑን የጨፈነ ጤነኛ ሰው ከኋላ በኩል በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚወዛወዝ ሞገድ ያሳያል። አልፋ ይባላል፤ ስሙን ያወጣለት ራሱ በርገር ነው። ሲያንቀላፋ ሞገዱ ይዘገያል። ከባድ እንቅልፍ ውስጥ በሰከንድ ከ4 በታች ይወርዳል።

ኢ.ኢ.ጂ የሚሰማው የአንጎልን የላይኛውን ሽፋን ነው፤ እሱንም ሰፋ ያለ ቦታ፣ በርካታ ካሬ ሴንቲሜትር፣ አንድ ላይ ሲንቀሳቀስ ብቻ። ከገበያ አጥር ውጭ ቆሞ ሁካታውን እንደማዳመጥ ነው። ሁሉም በአንዴ ቢጮህ ይሰማል። ውስጥ ሁለት ሰዎች በሹክሹክታ ቢዋዋሉ ግን ምንም አይሰማም። የራስ ምታት ሕመም ደግሞ የሚሠራው ውስጥ ነው። የአንጎል ሥጋ ራሱ አያምም። የሚያምመው አንጎልን ከውጭ የሚጠቀልለው ስስ ልባስና የደም ሥሮቹ ናቸው። መልእክቱን የሚወስደው ትራይጀሚናል የሚባለው የፊት ነርቭ ነው፤ ወደ አንጎል ግንድ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ጥልቁ የአንጎል ክፍል ይሄዳል። እነዚህ ቦታዎች ከቆዳ ላይ ኤሌክትሮድ በጣም ሩቅ ናቸው። በኃይለኛ ማይግሬን መሐል ላይ የተሠራ ኢ.ኢ.ጂ ፍጹም ጤነኛ ቢመስል አይደንቅም። ይህ ማለት ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም፤ እባክዎ ማንም እንዲህ እንዲልዎት አይፍቀዱ።

«ማይግሬን እኮ ከአንጎል የላይኛው ሽፋን የሚጀምርበት ጊዜ አለ ይባላል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። አንዳንድ ሰው ከሕመሙ በፊት ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ወይም የመጋዝ ጥርስ የመሰለ መስመር ያያል። ኦውራ ይባላል። ከጀርባው ያለው ነገር እ.ኤ.አ. በ1944 በብራዚላዊው አሪስቲዴስ ሌያዎ በጥንቸል አንጎል ላይ ታየ። ሰውዬው የሚያጠናው የሚጥል በሽታን ነበር። ያየው ግን በአንጎል የላይኛው ሽፋን ላይ የሚሄድ ማዕበል ነበር፤ ሴሎቹን ዝም እያሰኘ በጣም በዝግታ ይጓዛል፤ በደቂቃ ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር ብቻ። ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ላሽሊ የራሱን ኦውራ እየሳለ ፍጥነቱን አስልቶ ነበር፤ በደቂቃ 3 ሚሊሜትር ገደማ አገኘ። ሁለቱ ቁጥሮች መግጠማቸው እስካሁን ከምወዳቸው የሕክምና ታሪኮች አንዱ ነው።

ታዲያ ይህን ማዕበል ተራ ኢ.ኢ.ጂ ለምን አያየውም? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ለውጡ በጣም ዘገምተኛ ነው። መሣሪያው ላብና የኤሌክትሮድ መንሸራተት የሚያመጡትን ቀርፋፋ ለውጥ ለማስወገድ እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ ያጣራዋል። ሁለተኛ፣ ማዕበሉ ጠባብ ሆኖ በአንጎል እጥፋቶች ውስጥ ስለሚጓዝ ከራስ ቅል ውጭ ሲደርስ ደብዝዞ ይጠፋል። በሰው ላይ በግልጽ የተመዘገበው ጭንቅላታቸው ክፉኛ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው በሽተኞች ነው፤ ኤሌክትሮዱ በቀጥታ አንጎላቸው ላይ ተቀምጦ። ለራስ ምታት ደግሞ ይህን የሚያደርግ የለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ለምን ራስ ምታት ሲባል «ኢ.ኢ.ጂ ይታዘዝ» የሚል ልማድ ጸንቶ ቀረ? መልሱ በከፊል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ግሬይ ዎልተር የአንጎል ዕጢ ባለበት አካባቢ ዘገምተኛ ሞገድ እንደሚታይ አሳየ። በዚያን ጊዜ ሐኪም የሰውን አንጎል ሳይከፍት የሚያይበት መንገድ እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ «ራሴን አመመኝ» ያለ ሁሉ ሞገዱ ይታይለት ጀመር። የመጀመሪያው በሽተኛ በሲቲ ስካን የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሲቲ ስካን፣ ከዚያ ኤም.አር.አይ ከመጡ በኋላ ኢ.ኢ.ጂ ለዕጢ ፍለጋ ሥራ ፈታ። ልማዱ ግን አልሞተም። ዛሬም ዕጢ የፈራ ሰው ኢ.ኢ.ጂ ተሠርቶ «ነጻ ነኝ» ብሎ ይሄዳል። ይህ አደገኛ መጽናኛ ነው። ጤነኛ የመሰለ ኢ.ኢ.ጂ ዕጢ የለም አያሰኝም።

የአሜሪካ የኒውሮሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1995 ጥናቶቹን ሰብስቦ አየና ኢ.ኢ.ጂ ለተራ ራስ ምታት ምርመራ እንደማይጠቅም መመሪያ አወጣ። የሚጥል በሽታን የሚያስጠረጥር ምልክት ካለ ግን ይሠራ አለ። በ2013 ደግሞ ሐኪሞች ሳያስፈልጉ ከሚያደርጓቸው አምስት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ከተተው። አጭር ቃል ነው፤ ለራስ ምታት ኢ.ኢ.ጂ አትሥሩ።

ይህን ስል ማይግሬን ያለበት ሰው አንጎል ከሌላው አይለይም ማለቴ አይደለም። ይለያል። ነገሩ የሚጥመውም፣ የሚያደናግረውም እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ጎላና ዊንተርተን የተባሉ ተመራማሪዎች ማይግሬን ያለባቸውን ሰዎች በብልጭልጭ መብራት ፊት አስቀመጡ። መብራቱ በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ ብልጭ ሲል የአንጎል ሞገድ ተከትሎት በዚያው ፍጥነት ይመታል። ይህ በማንም ላይ ይታያል። ማይግሬን ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን መብራቱ በሰከንድ ከ20 ጊዜ በላይ ቢፈጥንም ሞገዱ መከተሉን አላቆመም። «የኤች ምላሽ» ተባለ። ብዙ ሰው በደስታ ተቀበለው፤ በመጨረሻ ለማይግሬን ምርመራ ተገኘ ተባለ። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን አልተስማሙም። አንዱ ከማይግሬን በሽተኞች ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል አገኘው። ሌላው ሩብ በሚሆኑት ላይ ብቻ አየው። ጤነኞች ላይም ይታያል። ውጥረት የሚያመጣው ራስ ምታት ባለባቸው ላይም ታይቷል።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ የበለጠ ይስባል። ለሰው ዓይን ደጋግሞ አንድ ዓይነት ሥዕል ብናሳይ፣ ለምሳሌ ጥቁርና ነጭ ካሬዎች ቦታ የሚለዋወጡበት ሰሌዳ፣ አንጎል በ100 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ምላሽ ይሰጣል። ጤነኛ አንጎል እየለመደው ሲሄድ ምላሹ ይቀንሳል። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ግን ሕመሙ በሌለበት ቀን እንኳ አይለምዱም፤ ምላሹ አይቀንስም፣ አንዳንዴም ይጨምራል። ቤልጂየም ውስጥ በሊዬዥ ከተማ የሚሠራው የዣን ሾነን ቡድን ይህን ለዓመታት አጥንቶታል። ሕመሙ ሲነሳ ደግሞ አንጎሉ እንደ ጤነኛው መልመድ ይጀምራል ተባለ። ብርሃንና ጫጫታ የሚረብሻቸው ሰዎች ጋር እንዴት ይገጥማል! እኔም በተማሪነቴ ይህን ሳነብ «አለቀ፣ ይኸው ምርመራው» ብዬ ነበር።

አላለቀም። ሞገዱን የሚያነበው ሰው የትኛው የማይግሬን በሽተኛ፣ የትኛው ጤነኛ እንደሆነ ሳያውቅ እንዲለካ ተደርገው በኖርዌይ በተሠሩ ጥናቶች ልዩነቱ አልታየም። ይህ ምን ማለት ነው? አንዳንዱ ልዩነት ከለኪው ዓይን የመጣ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ የሰውየው ምላሽ በሕመሙ ዑደት ይቀያየራል፤ ሕመሙ ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው የተለካና ካለፈ ከሳምንት በኋላ የተለካ አንድ አይደሉም። ለሳይንስ ይህ ራሱ ወርቅ ነው፤ ማይግሬን ከሕመሙ ቀን በፊት እንደሚጀምር ይነግረናል። ለአንድ በሽተኛ «አለብህ፣ የለብህም» ለማለት ግን አያስችልም። የመቶ ሰዎች አማካይ ከሌላ መቶ ሰዎች አማካይ መለየቱ አንድ ነገር ነው። ፊቴ የተቀመጠችው ሴት ከየትኛው ወገን እንደሆነች ማወቅ ሌላ ነገር ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ። ያነበቡት «ከ90 በመቶ በላይ» የሚል ነገር በእርግጥ ይታተማል። ቁጥሩ ውሸት ነው አልልም። ጥያቄው ኮምፒውተሩ የተጠየቀው ምን ነበር የሚለው ነው። አብዛኞቹ ጥናቶች ጥቂት አሥር ማይግሬን ያለባቸው ሰዎችና ጥቂት አሥር ምንም የማያማቸው ጤነኞች ይወስዳሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ እንዲለይ ያደርጋሉ። ታዲያ ምንም የማያመው ሰው ማን ነው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው? እኔ ክፍል የሚገባው ሁሉ ራሱን ያመዋል። የእኔ ሥራ ማይግሬንን ከውጥረት ራስ ምታት፣ ከክላስተር (በአንድ ዓይን ዙሪያ ከሚነሳው ኃይለኛ ራስ ምታት)፣ ማስታገሻ በመብዛቱ ከሚመጣው፣ ከደም ግፊት፣ ከማጅራት ገትር መለየት ነው። ለዚህ ጥያቄ ያልተፈተነ ፕሮግራም 99 በመቶ ቢያገኝ አያጓጓኝም።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጥመድ አለ። የአንድ ሰው የግማሽ ሰዓት ሞገድ በጥቂት ሰከንድ ቁርጥራጭ ይከፋፈላል። ከፊሉ ለማስተማሪያ፣ ከፊሉ ለፈተና ይውላል። እንዲህ ከተደረገ ኮምፒውተሩ ማይግሬንን አይደለም የሚማረው፤ ሰውየውን ነው። የእያንዳንዳችን ሞገድ እንደ መልካችን የተለየ ነው። ፈተናው ላይ ያንኑ ሰው ድጋሚ ሲያይ ያውቀዋል፣ ነጥቡም ይንራል። አዲስ ሰው ከሌላ ሆስፒታል፣ በሌላ መሣሪያ ሲመጣለት ነው ችሎታው የሚታየው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያነቡ መጀመሪያ ይህን ይፈልጉ። ካልተጻፈ ቁጥሩን ይለፉት።

ሦስተኛው ተራ ሒሳብ ነው። በዓለም ላይ ከ7 ሰው አንዱ ገደማ ማይግሬን አለበት። መንገድ ላይ ያገኘናቸውን 1,000 ሰዎች እንመርምር እንበል። 140 ያህሉ ማይግሬን አለባቸው፤ 860 የለባቸውም። መሣሪያው ያለበትንም የሌለበትንም 90 በመቶ በትክክል ያውቃል እንበል። ከ140ዎቹ 126ቱን ይይዛል። ከ860ዎቹ ደግሞ 86ቱን በስሕተት «አለብህ» ይላል። በድምሩ 212 ሰዎች «ማይግሬን አለባችሁ» ተባሉ፤ ከእነዚህ ከ10 አራቱ የለባቸውም። 90 በመቶ ሲባል ትልቅ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ይህ ነው።

ከዚህ ጎን ምንም ኤሌክትሮድ የማይፈልግ ነገር ላስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሦስት ጥያቄ ያለው መለያ አለ። ባለፉት ሦስት ወራት ራስ ምታቱ ሥራዎን አስተጓጉሏል? ሲያምዎት ያቅለሸልሽዎታል? ብርሃን ይረብሽዎታል? ራስ ምታት ይዞት ሐኪም ዘንድ ከሄደ ሰው መካከል ለሁለቱ ወይም ለሦስቱ «አዎ» ያለ፣ ከ100 ጊዜ 93 ጊዜ ማይግሬን ሆኖ ተገኝቷል። የተፈተነው በትክክለኛው ሕዝብ ላይ ነው፤ ራሱን በሚያመው ሰው ላይ። ወጪው ሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። ሐኪምዎ ኮምፒውተሩን ያልተጠቀመው ኋላ ቀር ስለሆነ አይደለም።

አሁን ወረቀትዎን እንይ። «መጠነኛ የሞገድ መዘግየት፣ የተለየ በሽታ አያመለክትም»። ይህ ሐረግ ቤት ሲነበብ ያስደነግጣል። ለእኛ ግን ብዙ የማይነግረን ሐረግ ነው። በጆሮ ግንድ አካባቢ ሞገድ አልፎ አልፎ የሚዘገየው በብዙ ምክንያት ነው። በጣም የተለመደው ማንቀላፋት ነው። ከምርመራው በፊት ብዙ ሰው እንቅልፍ ቀንሶ እንዲመጣ ይነገረዋል፤ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ተጋድሞ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያንቀላፋል። የወሰዱት መድኃኒት ሊያመጣው ይችላል። የድሮ የጭንቅላት ጉዳትም እንዲሁ። ማይግሬን ራሱ፣ በተለይ ሕመሙ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ከተሠራ፣ እንዲህ ያለ መዘግየት አንዳንዴ ያሳያል። ስለዚህ ወረቀቱ ሁለት ነገር አይልም። ማይግሬን መሆኑን አያረጋግጥም፤ የሚጥል በሽታ አለ አይልም። የሚጥል በሽታን የሚያስጠረጥሩት ሹል፣ ከአካባቢያቸው ተለይተው ብድግ የሚሉ ሞገዶች ናቸው። እነሱን ቢያገኝ አንባቢው በግልጽ ይጽፋቸው ነበር። እነሱ እንኳ አንድም ቀን የሚጥል በሽታ ይዟቸው በማያውቅ ጤነኛ ጎልማሶች ላይ ከ200 ሰው አንድ ገደማ ይታያሉ፤ በልጆች ላይ ከዚያ ይበዛል። በተቃራኒው የሚጥል በሽታ ካለበት ሰው ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ኢ.ኢ.ጂ ምንም አያሳይም። መሣሪያው በሁለቱም በኩል ይሳሳታል። ለዚህ ነው «ከሕመሙ ምልክቶች ጋር ይታይ» የሚባለው፤ ሐረጉ ኃላፊነትን ወደ ታሪክዎ ይመልሳል።

እንዲህ ዓይነት ስሕተት በእርስዎ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሰከንድ 14 እና 6 ጊዜ የሚመቱ ሹል ሞገዶች በወጣቶች እንቅልፍ ላይ ታዩ። ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት፣ የጠባይ መለዋወጥ፣ ሁሉም በእነሱ ተላከከ። ለብዙ ልጆች የሚጥል በሽታ መድኃኒት ተሰጠ። በኋላ ጤነኛ ታዳጊዎች ሲመረመሩ ሞገዱ በእነሱም በሽ በሽ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ከጤነኛ ሞገድ ዓይነቶች አንዱ ተደርጎ ነው የሚቆጠረው።

ኢ.ኢ.ጂ ከራስ ምታት ጋር የሚታዘዝበት ቦታ ግን አለ፤ በጅምላ እንዳልጥለው። አንደኛው የማየት ችግር ነው። ማይግሬን ኦውራ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ወይም የሚያብረቀርቅ የመጋዝ ጥርስ መስመር ነው። ከኋለኛው የአንጎል ክፍል የሚነሳ የሚጥል በሽታ ደግሞ ባለቀለም ክብ ክብ ነገር ያሳያል፤ በሰከንዶች ይነሳል፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፤ በየቀኑ ሊደጋገምም ይችላል። ከዚያ በኋላ ራስ ምታት ስለሚከተል «ማይግሬን» ተብሎ ለዓመታት የሚታከም ልጅ አይጠፋም። እዚህ ኢ.ኢ.ጂ እጅግ ይጠቅማል። ሰውዬው ራሱን ከሳተ፣ ካፈጠጠና ሲጠራ ካልሰማ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ምላሱን ከነከሰ፣ ነቅቶም ከተደናገረ፣ ራስ ምታቱ ከዚያ በኋላ የመጣ እንደሆነ ይጠየቃል። ከእንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት የተለመደ ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ይለቃል። ራስ ምታት ብቻውን የሚጥል በሽታ ምልክት ሆኖ የሚመጣበት ጊዜም አለ፤ በጣም ጥቂት ነው። ማይግሬኑ የአካልን ግማሽ የሚያሰንፍ ከሆነ፣ ልጅ ራሱን አሞት በድንገት ግራ ከተጋባ፣ ትኩሳትና መቃዠት ካለም ሐኪሙ ሞገዱን ማየት ይፈልጋል። በነዚህ ሁሉ ኢ.ኢ.ጂ የሚመልሰው ስለ ሕመሙ አይደለም። አንጎሉ ራሱ ታውኳል ወይስ አልታወከም የሚለውን ነው።

ከባድ ነገር የፈሩ ሰዎች ሌላውን ልብ ይበሉ። በሰከንዶች ውስጥ ጣራ የሚነካ ድንገተኛ ራስ ምታት፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለው፣ ካንሰር ወይም የበሽታ መከላከል አቅም መድከም ባለበት ሰው ላይ የመጣ፣ በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ የተነሳ፣ ሲያስሉ ወይም ሲያጎነብሱ የሚነሳ፣ እጅ ወይም እግር የሚያሰንፍ። እነዚህ ቶሎ መታየት አለባቸው። የሚያስፈልጉት ግን ሲቲ ስካን፣ ኤም.አር.አይ፣ አንዳንዴም ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድ ነው። ለኢ.ኢ.ጂ ወረፋ ይዘው ጊዜ እንዳያባክኑ።

ኢ.ኢ.ጂውን ልድገመው ወይ ብለው ያስቡ ይሆናል። እኔ አላስደግምም። ከላይ ከጠቀስኳቸው አንዱ ምልክት ካልመጣ በቀር ሁለተኛው ወረቀት ሁለተኛ ጭንቀት ነው የሚሆነው። ያለዎትን ወረቀት ግን ለሐኪምዎ ያሳዩት፤ አይደብቁት። መቼ እንደተሠራ፣ ከስንት ቀን በፊት አሞዎት እንደነበር፣ ሲሠራ አንቀላፍተው እንደነበር ይንገሩት። ከዚያ ይልቅ ብዕርና ደብተር ይያዙ። ሕመሙ የተነሳበት ቀን፣ የቆየበት ሰዓት፣ የወር አበባ ቀን፣ እንቅልፍ፣ የወሰዱት ማስታገሻ ይጻፍ። በተለይ ማስታገሻው ላይ አይቀልዱ። እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያለውን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን የሚባሉትን የማይግሬን ማስታገሻዎችና የተደባለቁትን 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር ያለፈ ጊዜ የወሰደ ሰው ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። ይህን ከደብተር እንጂ ከሞገድ አናየውም።

የመድኃኒቱ ነገር ቀረ። ቶፒራሜት መጀመሪያ የወጣው ለሚጥል በሽታ ነው፤ ወረቀቱም ስለዚያ ነው እንደዚያ የሚለው። በኋላ ማይግሬን እንዳይደጋገም እንደሚከላከል ስለተረጋገጠ ለሁለቱም ይታዘዛል። ቫልፕሮዬትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሐኪምዎ ደብቆ የሚጥል በሽታ እያከመዎት አይደለም። ለማይግሬን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ውጤቱን ለማየት ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል። ጣት መደንዘዝ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ቃል አፍ ላይ ደርሶ መጥፋት ሊያመጣ ይችላል፤ የኩላሊት ጠጠርም ስለሚያስከትል ውኃ በደንብ ይጠጡ። በ31 ዓመትዎ ግን አንድ ነገር በግልጽ ይጠይቁ። ሁለቱም መድኃኒቶች ጽንስን ይጎዳሉ። ለመውለድ ካሰቡ፣ ወይም የእርግዝና መከላከያ የማይወስዱ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከወረቀቱ በፊት ይህን ያንሱ። በራስዎ ግን በአንዴ አያቁሙት፤ ሐኪሙ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል፣ ወይም በሌላ ይተካዋል።